ቀዳዳውን ለመጨረሻ ተወው

ጥቅምት 12

ለወንድሜ ለድንቡሼ፣

እንዴት ነህ? አባባስ እንዴት ነው? እኔና ባለቤቴ ደህና ነን። መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልህ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ እንደገና አወጣሁት፣ እንደገና ከተትኩት። የእንጨት መቅረጫ ማሽኑ ቶርኖ ላይ ቆምኩ ስትለኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከቢሮ ማኅተም በቀር የሥራ ዕቃ ጨብጠህ የማታውቅ ልጅ፣ ሚስማር ሲመታ አውራ ጣቱን የሚመታ ልጅ፣ የአባባን መሮ ያዝክ? ቀጥሎ ሳቁ ጠፋብኝ።

ለምን አልመጣሽም ላልከኝ፣ እዚህ ስፌት ቤት ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ስሰፋ እውላለሁ፤ አንዷ ከቀረች የሌሎቹ ሥራ ይቆማል። አባባ ሲታመም ያልመጣሁት ሳልፈልግ ቀርቼ እንዳይመስልህ። ይህን ለእሱም ንገርልኝ፤ መናገር ቢያቅተውም መስማቱን አልተወም ብለኸኛልና።

ምላሱና ቀኝ እጁ በአንድ ጠዋት አብረው ዝም ካሉ ወዲህ ሥራውን የሚያሳይህ ሰው እንደሌለ ገብቶኛል። አንተ ደግሞ የምታውቀው ከበሩ ላይ ሆነህ ነው፤ ምሳ ልትጠራው ስትመጣ። ስለዚህ የጠየቅከኝን በተራ እመልስልሃለሁ።

ከሁሉ በፊት መሮውን ሳል። የዶለዶመ መሮ እንጨቱን አይቆርጠውም፣ ይቦጭቀዋል። እጅጌህን እስከ ክርን ጠቅልል፤ ማሽኑ ልብስ ይወዳል። አራት ማዕዘኑን እንጨት መጀመሪያ በጎድጓዳው መሮ ክብ አድርገው፤ ወደ ቅርጹ የምትሄደው ከዚያ በኋላ ነው። መሮውን የሚገፋው እጅህ ሳይሆን ወገብህ ነው፤ እግርህን ከፈት አድርገህ ቁም፣ ከእንጨቱ ጋር አብረህ ተንቀሳቀስ። አባባ ሲሠራ የሚጨፍር የሚመስለው ለዚህ ነው። ጥሩ ከቆረጥክ ፍቅፋቂው ረጅም ሆኖ ይወጣል፤ ብናኝ ብቻ ከሆነ አቁምና እንደገና ሳል።

የመጨረሻው ጥያቄህ ስለ ቀዳዳው ነው። የዓሣ ማጥመጃው ዘንግ በእጀታው ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ መቼ ይበሳል ነው ያልከው። እሱን ለመጨረሻ ተወው። መጀመሪያ ቅርጹን አስይዘው፣ አለስልሰው፣ ከዚያ በመብሻው፣ በትራፓኖ፣ ትበሳዋለህ።

ቀናሁብህ ብልህ ትስቃለህ አይደል? ሳቅ።

እኅትህ

ኅዳር 3

እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ባለፈው ሳምንት ለላክሽው አጭር ወረቀት ቶሎ ያልመለስኩት ወገቤ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። «ወገብህ ነው የሚገፋው» ያልሽው ለካ ቀልድ አልነበረም። ከቢሮው ወጥቼ አባባን ማስታመም ከጀመርኩ ጀምሮ እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም፤ እንዲህ ደስም ብሎኝ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት የተረፈ ማገዶ ላይ ነበር የተለማመድኩት። መሮው እየዘለለ እንጨቱን ጎራርዶት ነበር። በስድስተኛው ቀን ግን ፍቅፋቂው እንደ ሪባን እየተጠቀለለ በትከሻዬ ላይ መውደቅ ጀመረ። ዞሬ አባባን አየሁት። ከማሽኑ ጎን ወንበር ላይ አስቀምጬው ነው የምሠራው፤ በግራ እጁ ከዘራውን ይይዛል። አንዴ ወለሉን ሲመታ «ቀጥል» ነው፣ ሁለቴ ሲመታ «ተው» ነው። ያን ቀን አንዴ መታ። እንባዬ መጣ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባለጀልባው ሽማግሌ አባባ ሳይታመም ያዘዛቸው አራት እጀታዎች አሉ። እንጨቱ ያ አልጋ ሥር ዘጠኝ ዓመት የደረቀው ወይራ ነው፤ አምስት ቁራጭ። አንዱን አንሥቼ ቶርኖው ላይ ሳስረው አባባ ሁለቴ መታ። ምን አጠፋሁ ብዬ መሮውን አየሁ፣ እጅጌዬን አየሁ፣ ምንም የለም። ደግሞ መታ፣ ደጋገመ፤ መጨረሻ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ወረወረብኝ። እንጨቱን እየጠቆመ መሐሉን በጣቱ ይወጋል። ገባኝና «ቀዳዳው ነው? ቀዳዳው ለመጨረሻ ነው፤ እትዬ ናት ያለችኝ» አልኩት፤ ደብዳቤሽንም ከኪሴ አውጥቼ ያቺን መስመር አነበብኩለት።

ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ከዚያ ወዲህ ወይራ ላይ ስሠራ አንዴም አልመታም፤ ቀጥልም ተውም የለም። በአንቺ ያለው እምነት እንዲህ ነው እንግዲህ።

ያመሰግንሃል ወይ ላልሽኝ፣ በምን አንደበቱ? ግን የመጀመሪያውን እጀታ ቅርጽ አስይዤ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ስሰጠው ዓይኑን ጨፈነና ጉንጩ ላይ አደረገው። ከላይ እስከ ታች በጉንጩ አሻሸው። ከዚያ በላይ ምን ምስጋና አለ?

ቀዳዳው ላይ ግን ችግር ገጥሞኛል፤ ሁለቱ ስበሳቸው ተሰነጠቁ። የትራፓኖው መውጊያ፣ ፑንታው፣ ከመሐል ይሸሽብኛል። ምን ላድርግ?

ወንድምሽ

ኅዳር 21

ለድንቡሼ፣

ሰላም ነህ? በዚህ ሳምንት ብርድ ይዞኝ ነበር፤ አሁን ደህና ነኝ። አትጨነቅ።

ጉንጩ ላይ አደረገው አልከኝ። ይቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርህም። ሥራ ቦታ እንኳ ቁልፍ ቀዳዳ እየሰፋሁ ትመጣብኛለች፤ ትላንት አንድ ሸሚዝ ላይ ስድስት መሆን ያለበትን ሰባት ሰፍቼ አለቃዬ አፍጥጣ አየችኝ።

አንተ ትንሽ ስለነበርክ አታስታውስም ይሆናል። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ «ቶርኖውን አስይዘኝ» ብዬ ለመንኩት። «ፀጉርሽ ረጅም ነው፣ ማሽኑን የሚያዞረው ቺንጋ ይይዘዋል» አለኝ። በማግስቱ በእማዬ መቀስ እስከ ጆሮዬ ቆርጬው ፊቱ ቆምኩ። እማዬ እሪ አለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ቅማል ያዛት ብሎ አወራብኝ። አባባ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ፀጉር ያድጋል፤ ሂጂ ብርጭቆ ወረቀቱን አምጪ» አለኝ። ይኸው ነው። ከዚያ ቀሚስሽ ነው አለ፣ ከዚያ ጡንቻሽ ነው አለ፤ ሠርጌ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ደግሜ ብጠይቀው «አሁንማ የሰው ነሽ» ብሎ ዘጋኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንጨት አለሰለስኩ፣ ቫርኒሽ ቀባሁ፣ ኮላ አፈላሁ፣ ሰጋቱራ ጠረግኩ። ያለሰለስኩትን ጉንጩ ላይ ያደርገዋል፤ ይረካል፤ የሚረካው ግን በራሱ ቅርጽ ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

አንተ ግን ገና በሁለት ወርህ። ያውም ሳትለምን፣ ያውም ሳትፈልግ፤ ሌላ ሰው ስለሌለ ብቻ። ሆዴ ተቃጠለ ብልህ ቅር አይበልህ፤ ወንድሜ ስለሆንክ ነው የምነግርህ።

ለምን ተሰነጠቁ ላልከኝ፣ ፑንታው ዶልድሞ ይሆናል። ሳለው። በግራ እጅህ እጀታውን አጥብቀህ ያዝና በቀኝህ ቀስ እያልክ ብሳው። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ሲለምድህ ይቀናሃል።

አባባ ስለ እኔ ይጠይቃል ወይ አልልህም፤ በምን አንደበቱ ትለኛለህና። ግን ስሜ ሲነሣ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ጻፍልኝ።

እኅትህ

ታኅሣሥ 10

እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ብርዱ ለቀቀሽ ወይ?

አጭር ደብዳቤ ብጽፍ አትቀየሚኝ፤ ወረቀቱን የሚይዝልኝ እጅ ስላጣሁ ነው። ሣህን ጭኜበት ነው የምጽፍልሽ። ከሰው ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ልንገርሽ እንጂ ባልነግርሽ በወደድኩ። ሦስተኛውን ወይራ ስበሳ ፑንታው ከመሐል ሸሽቶ በእጀታው ጎን ወጣና ግራ መዳፌን በሳው። አጥብቄ ይዤው ነበር፤ እንዳልሽኝ። ነርሷ አምስት ቦታ ሰፍታዋለች፤ ክሩን ትላንት አወጣችልኝ። ሁለቱ ጣቶቼ ገና አይታጠፉም፤ በጊዜ ይመለሳሉ ብላለች።

ደሜ ሲፈስ አባባ ከወንበሩ ለመነሣት ሞክሮ ወደቀ። እሱ ወድቆ እኔ እየደማሁ፣ ጎረቤት እስኪመጣ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀመጥን።

እንግዲህ ስሚኝ። በሦስተኛው ቀን አባባ ወደ ጓዳው አመለከተኝ። ትራፓኖውን በግራ እጁ አንሥቶ ሰጠኝ። ያልተነካ አራት ማዕዘን ወይራ በሁለት ጉልበቱ መሐል ሰክቶ፣ ጫፉ ላይ መሐሉን በጥፍሩ ምልክት አደረገ። ባለችኝ እጅ በሳሁት። ፑንታው ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የወጣው፤ ሊያሳዝነኝ ሲል አባባ ሳቀ። ቀጭን ብረት በቀዳዳው አሳለፈና በብረቱ ሁለት ጫፍ ቶርኖው ላይ እንዳስር አሳየኝ። ማሽኑ ሲዞር ገባኝ። የሚዞረው በቀዳዳው ዙሪያ ነው፤ ጠማማ ብትበሺም መሮው ውጪውን እየላጠ ከቀዳዳው ጋር ያስተካክለዋል። እኔ የሠራሁት ግልባጩን ነው፤ አምሮ ባለቀ ነገር ላይ መሐሉን በጭለማ መፈለግ።

ስለዚህ ቀዳዳው ለመጀመሪያ ነው፣ እትዬ። ረስተሽው ነው፤ ከሄድሽ ስንት ዓመትሽ። ደግሞም ቶርኖው ላይ ቆመሽ አታውቂም፤ በምን ታውቂዋለሽ? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አባባ ባርኔጣውን ሲወረውርብኝ መስማት ነበረብኝ።

የቀረው ወይራ ሁለት ነው። ባለጀልባው ሁለት ይበቃኛል ብሏል።

ስምሽ ሲነሣ ፊቱ እንዴት ነው ላልሽው፣ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ከዚያ በላይ አላውቅም።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 24

ወንድሜ፣

ዛሬ ሰላምታውን ልዝለለው።

አልረሳሁትም። እንዴት እረሳዋለሁ? እሱን የምበሳው እኔ ነበርኩ።

ከበሩ ላይ ሆነህ ያላየኸው ይህ ነው። አባባ ቶርኖው ላይ የሚያስረው እንጨት ሁሉ ተበስቶ ነው ከጓዳ የሚወጣለት፤ ጓዳ ውስጥ የነበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ትራፓኖ ቺንጋ ስለሌለው ለሴት ልጅ ይፈቀዳል ተባለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት የወጣ እጀታ በሙሉ መሐሉ የእኔ ነው። ማንም አያየውም፤ ዘንጉ ያልፍበትና ይሸፈናል። አንተን ለማሰናከል ስል የገዛ ሥራዬን የለም አልኩ። በዚያ ቤት ውስጥ የእኔ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነበር፤ እሱን ነው የካድኩት።

ለምን ብለህ ትጠይቀኛለህ። ቀንቼ ነው። ሌላ ቃል ፈልጌለት ነበር፤ አጣሁ። መጀመሪያ አንድ ሁለት እንጨት ቢበላሽብህ ይታክትሃል፣ ትተወዋለህ ብዬ ነበር። አንተ ስትተወው አባባ እኔን ይፈልጋል ብዬም ነበር። ጉንጩ ላይ አደረገው ስትለኝ ግን ስለ እንጨቱም ማሰብ አቆምኩ። «አጥብቀህ ያዝ» ብዬ ስጽፍልህ ፑንታው ወዴት ሊሄድ እንደሚችል አውቅ ነበር። እጅህ እንዲወጋ አልፈለግኩም፤ ግን አውቅ ነበር፣ ጻፍኩትም።

ሌላም አለ። ፈቃድ ከልክለውኝ አይደለም ያልመጣሁት። ጠይቄም አላውቅም። አባባ እንዲያ ሆኖ፣ አንተ ማሽኑ ፊት ቆመህ፣ እኔ በር ላይ ሻንጣ ይዤ መግባቱ ከበደኝ።

ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አትላኪው ብሎኛል። ወንድምሽ ረስታለች ብሎ አምኖ ተኝቷል፣ ለምን ትቀሰቅሽዋለሽ አለኝ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት ግን እኔ ነኝ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ጣቶችህ እስኪታጠፉ እጠብቃለሁ። ለአባባ አንብብለት፣ ወይም አታንብብለት። እንደ ልብህ አድርግ።

እኅትህ

ጥር 13

እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አንደኛው ጣት ታጥፏል።

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ተሳደብኩ። ምን ብዬ እንደሰደብኩሽ አልጽፈውም፤ ጎረቤቷ ሰምታ ውሻ ገባባችሁ እንዴ ብላለች። ከዚያ ለአሥር ቀን አልመለስኩልሽም፤ የመለስኩልሽ መስሎሽ ከሆነ ያ አክስታችን ሳትጠይቀኝ የጻፈችው ደብዳቤ ነው፤ ይቅር ብሎሻል ካለችሽም ከራሷ አውጥታ ነው።

ደስ ካሰኙኝ ነገሮች ልጀምር። ሁለቱ እጀታዎች አለቁ። ባለጀልባው በአንድ ጣቱ መሐሉን እየነካ «ይሄ የድሮው ነው» አለ።

አሁን የማያስደስተኝን ልጻፍ። አባባ ያወቀው ዛሬ አይደለም። ያቺን መስመር ያነበብኩለት ቀን ነው ያወቀው፤ ባርኔጣውን የወረወረ ዕለት። በዚያ ቤት ቀዳዳ የሚበሳው ማን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «እትዬ ናት ያለችኝ» ስለው ምን እንዳደረግሽ፣ ለምን እንዳደረግሽው ገባው። ገብቶት ከዘራውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ዘጠኝ ዓመት ያደረቀው ወይራ ሲሰነጠቅ እያየ ዝም አለ። እኔ እምነት ነው ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ! ከእንጨቱና ከአንቺ ገመና መሐል ያንቺን ገመና መረጠ። ከእኔም ላብ ያንቺን ገመና መረጠ። ደም እስኪያይ ድረስ ሸፈነልሽ።

ትላንት ከሰዓት በኋላ ማሽኑን አጥፍቼ ደብዳቤሽን አነበብኩለት። አንድ ቃል አልዘለልኩም፤ እውነቱን ለመናገር እንዲቆጣሽ ፈልጌ ነው። «ጓዳ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ» የሚለው ጋ ስደርስ ግራ እጁን አነሣ። ደግሜ አነበብኩለት። ከዚያ አፉ ተንቀሳቀሰ። ሐኪሙ «ንግግሩ ምናልባት ይመለሳል፣ አትቸኩል» ያለኝ ነገር ነው፤ ስንት ወር ሙሉ ማታ ማታ ፊቱ ቁጭ ብዬ ስሜን በል እያልኩ የለመንኩት። ያጠብኩት እኔ፣ ያጎረስኩት እኔ፣ ፂሙን የላጨሁት እኔ፣ በተበሳ እጄ ሽንት ቤት የወሰድኩት እኔ።

«የታለች?» አለ።

ጥርት ያለ አልነበረም፤ ምላሱ ገና ይጎተታል። ግን ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም፤ አራት ጊዜ ነው ያለው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አባቴ ተናገረ፣ ጎረቤት እልል አለ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እትዬ፣ አሁን ገብቶኛል ያልሽው ሁሉ፤ ሆድ እንዴት እንደሚቃጠል፣ እጅ ምን እንደሚጽፍ። ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ ሌላ ጀምሬ ነበር። «አባባ እንዳለ ነው፣ ምንም ለውጥ የለም፣ መንገዱም ጥሩ አይደለም፣ ለጊዜው አትምጪ» ይላል። ጨርሼ ፖስታ ውስጥ ከትቼው ነበር። ዛሬ ጠዋት ቀደድኩት።

ይቅር አላልኩሽም። ቶርኖውንም አለቅልሻለሁ ብለሽ እንዳታስቢ፤ መቆሚያው እግሬን ለምዶታል። ከፈለግሽ መጥተሽ ትጠይቂኛለሽ፤ እኔ ፀጉርሽን አላይም፣ ቀሚስሽንም አላይም፤ እምቢ ካልኩሽ በሌላ ምክንያት ነው።

ጠዋት ሳበላው ደግሞ ጠየቀኝ። ማንኪያውን ገፍቶ፣ በሩን እያየ፣ የታለች? ምን ብዬ ልመልስለት? ጥያቄው የእኔ አይደለም፤ መጥተሽ አንቺው መልሺለት።

ወንድምሽ